ስሙን ሳታውቅ አትንቀለው

የእህቴ ልጅ፣ የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። እግሩ ናስ፣ ራሱ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለት አፍንጫ ያለው፣ ማኒፎልዱ ላይ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባው ዕቃ በሙቀት የሚሠራ የቫኪዩም ቫልቭ ነው። የቶዮታ መጽሐፍ ቢቪኤስቪ ይለዋል። ዕቃውን መለየቱ አላስቸገረኝም፤ ያሳሰበኝ ከፎቶው ሥር የጻፍከው ቃል ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይሠራል?» አላልከኝም፤ «ልጣለው?» ነው ያልከኝ።

ይህ የአንተ ጠባይ ብቻ አይደለም። ካርቱም ውስጥ ከሶግ ሲታ ገበያ እስከ በሕሪ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ሱዳናዊውም ሐበሻውም፣ የድሮ ሞተር ሲከፈትለት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀጫጭኑ ቱቦ ነው። ይነቅላል፣ ቀዳዳውን በቡሎን ይደፍናል፣ «የአሜሪካ ጭስ መቆጣጠሪያ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል» ይላል። ባለ መኪናውም ሞተሩ ተራግፎ ጸዳ ሲል አይቶ ደስ ይለዋል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጥቂት ሰንብቶ ያው ሰውዬ «ሲሞቅ አልነሳ አለኝ» ብሎ ይመለሳል። ያን ጊዜ ካርቡራተሩ ይወቀሳል፤ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ በመጨረሻም ይለወጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!

እኔ ሁሉም ባለበት ይቀመጥ የምል ሰው አይደለሁም። አንተ በምትሠራበት በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሚወጣ ዕቃ አለ፤ እሱንም እነግርሃለሁ። የምለምንህ ስሙንና ሥራውን ሳታውቅ እንዳትነቅል ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ ከድሮው የባሰ ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ስንቱ መኪናውን ግቢው ውስጥ ጥሎ ወጣ። ካርቱም በመጋቢት 2017 በሠራዊቱ እጅ ከገባች በኋላ የተመለሰው ሰው መኪናውን ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ ቢያገኘውም ቱቦው በፀሐይ ደርቋል፣ አይጥ በልቶታል፣ ግማሹን ሌባ ቆርጦታል። ስለዚህ አንተ ዘንድ የሚመጣው ሞተር ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ቱቦው ሳይኖር ቫልቩን በመልኩና በተቀመጠበት ቦታ መለየት አለብህ ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እነዚህ ዕቃዎች ለምን እንደመጡ ልንገርህ። መነሻው የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ነው። ከሞተር የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ እየተብላላ ከተማውን ሲያፍነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በካሊፎርኒያ በሚሸጡ መኪኖች ላይ የሞተር ሆድ ትንፋሽን ወደ ማኒፎልድ መልሶ የሚያቃጥለው ፒሲቪ ቫልቭ መጣ። በ1970 የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ ጃፓንም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የራሷን ጥብቅ ደንብ አወጣች። ያን ጊዜ መኪና ውስጥ ኮምፒውተር የለም። መሐንዲሶቹ ኮምፒውተር የሚሠራውን ሥራ በሁለት ነገር አሠሩት፤ በመምጠጥ ኃይልና በሙቀት። ሞተሩ ቀዝቅዟል ወይስ ሞቋል፣ ቆሟል ወይስ ይሮጣል፣ ቆላ ነው ወይስ ደጋ የሚለውን ሁሉ የሚያውቁት እነዚያ የናቅሃቸው ቫልቮች ናቸው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የካርቡራተር ሞተር ቱቦ የወረሰው ለዚህ ነው። በኋላ ኢንጀክሽን መጣና አብዛኛውን ጠረገው።

አሁን ወደ ሥራው። ቫልቭ ከመንካትህ በፊት የመምጠጡን ኃይል እወቅ። ፒስተን ሲወርድ የካርቡራተሩ በር ዝግ ከሆነ ከበሩ በታች ያለው ማኒፎልድ ይመጥጣል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ በቫኪዩም መለኪያ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል። ከፍታ በጨመርክ ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ካርቱም ከ400 ሜትር በታች ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። እዚያ 13 አሳይቶ ጤነኛ የተባለ ሞተር፣ ካርቱም ላይ 13 ካሳየህ ታሟል። አዲስ አበባ ሠርቶ የመጣ ልጅ በዚህ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ መለኪያው አንድ ነው፣ አገሩ ግን ሌላ።

ምንጩ ሁለት ነው። አንዱ ከበሩ በታች የሚወጣ፤ በሚኒሞ ላይ ጣትህን ይዞ የሚስብ። ሌላው ከበሩ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወጣ፤ በሚኒሞ ላይ ምንም የለውም፣ ነዳጅ ስትረግጥ ብቻ ይመጣል። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግህም። ቱቦውን ንቀል፣ ጣትህን አፉ ላይ አድርግ፣ ረዳትህ ነዳጅ ይርገጥ። ያ ቱቦ ወደየትኛው ቫልቭ እንደሚሄድ ግማሹን ታሪክ ነገረህ።

ቱቦ ሁሉ የጭስ ቱቦ አይደለም። ይህን በደንብ ስማኝ፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከማኒፎልድ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ መካከሉ ላይ አንድ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ አየሩን ወደ አንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል፣ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ፍሬን እንዲኖርህ ያደርጋል። እሱን ጭስ መቆጣጠሪያ ነው ብሎ የደፈነ ሰው የሚያስከትለውን አንተው አስበው። ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው የካንዴላውን መተኮሻ ሰዓት የሚያስቀድመው ነው። ኤሲ ሲበራ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ዲያፍራምም አለ፤ ሁለት ሽቦ ያለው ቫልቭ ያዝዘዋል። በካርቱም ግንቦት ያንን አውልቀህ፣ መኪናው መብራት ላይ ቆሞ ኤሲው በርቶ ሲጠፋበት፣ ሰውዬው ያንተን ስም በምን ቃል እንደሚያነሳው አልነግርህም።

ሌላው የማትዘልለው ነገር የሞተሩ ወረቀትና ሰሌዳ ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ውስጡ ላይ ወይም ከራዲያተሩ በላይ የተለጠፈ የቱቦ ሥዕል ካለ፣ ከማጠብህ በፊት ፎቶ አንሳው፤ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ከነካው ይጠፋል። ከዚያ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ አጽዳና የሞዴሉን የመጨረሻ ፊደል አንብብ። በቶዮታ ኤ ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ ኬ ለካናዳ፣ ቪ ለባሕረ ሰላጤው ዐረቦች፣ ደብልዩ ለአውሮፓ፣ ኪው ለአውስትራሊያ። ሐጅ ዩሱፍ የሚመጣው ሃይሉክስ አብዛኛው በጅዳና በዱባይ በኩል የገባ ስለሆነ ቫልቩ ጥቂት ነው፤ ፒሲቪ፣ አንድ ሁለት የሙቀት ቫልቭ፣ ከዚያ ብዙም የለም። ኤ ያለበት ከገጠመህ ግን እጅጌህን ሰብስብ። በአንዱ ላይ የተማርከውን ይዘህ ሌላው ላይ «አንድ ነገር ጎድሎታል» ብለህ የሌለውን ዕቃ ስትፈልግ እንዳትውል። በእኔ ዘመን ወርሻ በምንለው ጋራዥ ውስጥ ይህን ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበር፤ ያነበበው ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ቀጥሎ በተቀመጠበት ቦታ ለየው። እግሩ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ማኒፎልዱ ወይም ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ተጠምዝዞ ሽቦ ሳይኖረው አፍንጫ ብቻ ካለው፣ የሙቀት ቫልቭ ነው። ሁለት አፍንጫ ያለው የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የሚቀይር ነው። ሽቦ ያለው ደግሞ ወይ የሙቀት መለኪያ ነው ወይ የኤሌክትሪክ ቫልቭ፤ አፍንጫ ከሌለው መለኪያ ነው፣ አትሳሳት።

አንተ ፎቶውን የላክኸውን ዓይነት ስትፈትን ካርቱም ራሷ ታታልልሃለች። በ22አር ሞተር ላይ የሚገኘው የተለመደው ከ30 ዲግሪ በታች ዝግ ነው፤ 44 ሲያልፍ ይከፈታል። በሌላ ሞተር ቁጥሩ ይለያያል። አሁን ግንቦት ላይ ጥላው ሥር 42 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ኮፈን ሥር ያለውን ቫልቭ አውጥተህ በአፍህ ብትነፋው ያሳልፍልሃል። «ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መዝጋት ነበረበት፣ ተበላሽቷል» ብለህ ትወረውረዋለህ። ቫልቩ ግን አልዋሸህም፤ ሞቋል! ስለዚህ ከሻይ ሻጯ በረዶ ለምን፣ በቆርቆሮ ውሃ ውስጥ አድርግ፣ የቫልቩን እግር ብቻ ንከር፣ ቆይተህ ንፋ። መዝጋት አለበት። ከዚያ ውሃውን አሙቅና ደግመህ ንፋ። ሁለቱንም ካደረገ ጤነኛ ነው፤ ጥርሱን ጠርገህ፣ ማሸጊያ ጠምጥመህ መልሰው። ስትነቅለው ውሃ እንደሚፈስ አትርሳ፤ ራዲያተሩን ዝቅ ሳታደርግ በሙቅ ሞተር ላይ የነካኸው እንደሆነ ክንድህ ይመክርሃል።

ከእነዚህ ሁሉ ለካርቱም እጅግ የሚያስፈልገው፣ ሰው ግን ቀድሞ የሚጥለው፣ የመተኮሻ ሰዓቱን የሚጠብቀው ባለ ሦስት አፍንጫ ነው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ። በጀነራል ሞተርስ መኪና ላይ አፍንጫዎቹ ፊደል አላቸው፤ ዲ ወደ ዲስትሪቢዩተር፣ ሲ ከካርቡራተር፣ ኤምቲ ከማኒፎልድ። ውሃው እንደ ልማዱ ሲሆን ዲስትሪቢዩተሩ በሚኒሞ ላይ መምጠጥ እንዳያገኝ ያደርጋል። ያ ለጭሱ ነው፤ ሞተሩን ግን ያሞቀዋል። ውሃው 105 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቫልቩ መንገዱን ይቀይራል፤ የማኒፎልዱን ሙሉ መምጠጥ ለዲስትሪቢዩተሩ ይሰጣል፣ ተኩሱ ይቀድማል፣ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ፓምፑና ማራገቢያው ይፈጥናሉ፣ ሙቀቱ ይወርዳል። በኩበር ድልድይ መጨናነቅ ላይ ቴስታታህን ከመጣመም የሚያድነው ይህ ነው። ባለሙያ ነኝ ባዩ ይህንን «ጭስ መቆጣጠሪያ» ብሎ ነቅሎ ጥሎ፣ ሞተሩ ሲሞቅበት ደግሞ ቴርሞስታቱንም ነቅሎ ይጥላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሁለተኛው የማላስነካህ፣ ሲሞቅ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ሕመም የሚከላከለው ነው። በብዙ ካርቡራተር ላይ የነዳጁ ጎድጓዳ በአንዲት የኤሌክትሪክ ቫልቭ በኩል ወደ ከሰል ጣሳው ይተነፍሳል፤ ጣሳው ከሞተሩ ጎን የተሰቀለ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። መኪናውን ስታጠፋ ያቺ ቫልቭ ትከፈታለች፤ በሞቀ ሞተር ላይ የሚፈላው ቤንዚን እንፋሎቱ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። ቱቦዋን ከደፈንህ እንፋሎቱ የሚሄድበት ስለሌለው በጉሮሮው ወርዶ ማኒፎልዱን ይሞላዋል። ሰውዬው ሱቅ ገብቶ ሲወጣ ቢያስነሳ ቢያስነሳ እምቢ፤ ካንዴላው ርሷል። ከእሷ ጋር ደግሞ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በቶዮታ ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሲግል ከብረቷ መታጠፍ የተነሳ ተከፍታ ጥቂት አየር ወደ ማኒፎልድ ታስገባለች፣ የበዛውን ነዳጅ ታቀጥናለች። እነዚህን ሁለቱን ያሰበው መሐንዲስ ሐጅ ዩሱፍን ያየ ይመስለኛል። በአባይ ዳር ተቀምጠን የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ለእኛ ሙቀት የተሠራውን መድኃኒት በእጃችን ይዘን እየወረወርን «ይህ አገር ለካርቡራተር አይሆንም» እንላለን።

ኢጂአር ላይ ግን ሰዎች «ይነቀል» የሚሉትን አልንቅም። እሱ የእንጉዳይ ቆብ የሚመስል ክብ ቆርቆሮ ነው፣ ማኒፎልዱ ላይ በሁለት ቡሎን ይታሰራል፣ ከላዩ አንድ ቱቦ አለው። የተቃጠለ ጋዝ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ሙቀቱ ወደ 1,370 ዲግሪ ሲጠጋ የሚፈጠረውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ለመቀነስ ነው። ጭቃው ይበዛል፣ ጥላሸት ይበላዋል፣ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ሚኒሞ አይይዝልህም። ነገር ግን ኢጂአር ያለው ሞተር የተኩሱ ሰዓትና ነዳጁ እሱን አስበው ነው የተቀመሩት። ደፍነኸው ካበቃህ ጭነት ተጭኖ ሲጎትት ካንኳኳ፣ ጥፋቱ የቤንዚኑ ላይሆን ይችላል። ሲፈትኑት እንዲህ ነው፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ከላዩ ባለው አፍንጫ ከማኒፎልድ መምጠጥ በቀጥታ ስጠው። ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ቫልቩም መንገዱም ይሠራሉ። ምንም ካልሆነ ወይ ዲያፍራሙ ተቀድዷል ወይ መንገዱ በጥላሸት ተዘግቷል። ፍታና አጽዳ፤ ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርግ።

ከእሱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ክዳን ያለው ክብ ፕላስቲክ ደግሞ አለ፤ ሦስት አፍንጫ አለው፣ ፒ፣ ኪው፣ አር የሚሉ ፊደላት ተጽፈውበታል። ኢጂአሩ መቼ ምን ያህል እንዲከፈት የሚመጥነው እሱ ነው። ክዳኑ በጥፍር ይከፈታል፣ ውስጡ ማጣሪያ አለ። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል የሚነፍስበት አገር ይህን ማጣሪያ ስንቱ መካኒክ ከፍቶ አይቷል? ብዙው መኖሩንም አያውቅም። አውጣው፣ በአየር ንፋው፣ መልሰው። ለመፈተን ፒንና አርን በጣትህ ዘግተህ በኪው ንፋ፤ በሚኒሞ ላይ አየሩ በማጣሪያው በኩል በነፃ ይወጣል፣ 3,000 ዙር ላይ ግን ጠንክሮ ይከለክልሃል። ማጣሪያው በአቧራ ስለተዘጋ ብቻ ዕቃው ተበላሸ ተብሎ ሲጣል ማየት ያናድደኛል፤ ይህን ስጽፍልህም ተናድጃለሁ።

በቱቦዎቹ መካከል ተንጠልጥላ የምታገኛት፣ እንደ አዝራር ጠፍጣፋ፣ በአንድ ወገን ጥቁር በሌላው ወገን ቀለም ያላት ፕላስቲክ ደግሞ የማዘግያ ቫልቭ ናት። በአንድ ወገን አየሩ ፈጥኖ ያልፋል፣ በሌላው በዝግታ ይንጠባጠባል። ዕቃዋ ተራ ናት፤ ችግሩ አቅጣጫዋ ነው። ከመንቀልህ በፊት ቀለሙ ወደየት እንደሚያይ ጻፍ። ገልብጠህ ከመለስካት መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን ነዳጅ ስትለቅ ይንገጫገጫል፤ ሰበቡንም ሳምንት ሙሉ ትፈልገዋለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሁለቱም ወገን እኩል የምታሳልፍ ከሆነች ሞታለች፣ በሁለቱም የማታሳልፍ ከሆነችም እንዲሁ።

ሁለት ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ቀላል ነው። ባትሪ ስትሰጠው ጠቅ ይላል፣ የአየሩ መንገድ ይቀየራል። ጠቅ ማለቱ ብቻ ግን አያሳምንህ፤ ጠቅ ብሎ የማያሳልፍ አለ። የሽቦውን መቋቋም ለካ፣ ከዚያ አንዱ ሽቦ ከአካሉ ጋር አለመነካካቱን እይ።

አሁን የሚወጣውን ልንገርህ፣ ቃሌን እንዳላጥፍ። ከጭስ ማውጫው ብረት ዙሪያ ካለው ቆርቆሮ ትኩስ አየር ወደ ማጣሪያው የሚያመጣው፣ አፉ ላይ ዲያፍራምና መዝጊያ ያለው፣ ለበረዶ አገር ነው። ካርቱም ላይ መዝጊያው ተጣብቆ ትኩስ አየር ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ያንኳኳል። ወደ ውጭው አየር ከፍተህ እሰረውና ቱቦውን ድፈን፤ ማንም አይወቅስህም። በቺንጋ የሚዞረው የአየር ፓምፕም ካታሊስቱ ድሮ ተቆርጦ ከተጣለ መኪና ላይ ሥራ የለውም፤ ሲወጣ ግን ወደ ጭስ ማውጫው የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በደንብ ይደፈኑ፣ አለበለዚያ ማርሚታው ሲተኩስ ሰፈሩ ጦርነቱ የተመለሰ ይመስለዋል። ፒሲቪን ግን በምንም መንገድ! እሱ ከተዘጋ የሞተሩ ሆድ ይነፋል፣ ዘይት በየማሸጊያው ይወጣል። አውጥተህ ነቅንቀው፤ ካንኳኳ ሕያው ነው። በሚኒሞ ላይ አፉን በጣትህ ስትይዘው ከሳበ መንገዱም ክፍት ነው።

የመሣሪያ ነገር። በእጅ የሚሳብ የቫኪዩም ፓምፕ ከሌለህ ከፋርማሲ የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛና ቱቦ ግጠምበት፤ ዲያፍራም ስትስብ ይዞ ከቆየ ደህና ነው፣ ቀስ እያለ ከተመለሰ ተቀድዷል። በአፍህ አትሳብ፤ የከሰል ጣሳው ቱቦ ውስጥ ያለው የቤንዚን እንፋሎት ነው። ቱቦ ስትገዛ የግሉኮስ ላስቲክ እንዳትገዛ። ርካሽ ነው፣ ሲሞቅ ግን ለስልሶ በራሱ ይጣበቃል፣ መምጠጡን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ሕመም ሐኪም ያሳብዳል። ለነዳጅና ለሙቀት የተሠራውን በሜትር ግዛ፤ አፍንጫውን ለክተህ ውስጡ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን። ጫፉ የደረቀ ቱቦ መሐሉ ለስላሳ ከሆነ ጫፉን አንድ ሳንቲ ቆርጠህ መልሰው፣ ሁሉን አትጣል። አየር የሚያስገባበትን ቦታ ለማግኘት ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ማኒፎልድ ላይ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጆሮህ ላይ ቱቦ ይዘህ ስማ፣ ወይም ውሃ በትንሹ ርጭ፤ ሚኒሞው ከተለወጠ እዚያው ነው።

መኪናው ወደ አገራችን የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ቫልቭ ሌላ ዓይን ይፈልጋል። በአሜሪካ ቶዮታ ላይ ኤችኤሲ የሚሉት ጎድጎድ ያለ ሳጥን አለ፣ ሥሩ ላይ ማጣሪያ ያለው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ እንዳይበዛ ተጨማሪ አየር ለካርቡራተሩ ይሰጣል፣ ተኩሱንም ያስቀድማል። ከ780 ሜትር በታች ዝግ ነው፤ ከ1,200 ሜትር በላይ ክፍት። ካርቱም ላይ፣ ገዳሪፍም ላይ፣ መተማም ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ሰውም «ሥራ የለውም» ብሎ ይነቅለዋል። ከገንዳ ውሃ አልፈህ ወደ አይከል ስትወጣ ነው የሚነቃው። እሱ የሌለው መኪና ጎንደር ሲደርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ አቀበቱ ላይ ይለግማል። እዚህ ጎንደር ከሱዳን በተሰደዱ ሰዎች መኪና ላይ ይህን አይቻለሁ፤ ባለቤቱ «ድንበር ላይ የቀዳሁት ቤንዚን ነው» ይላል። ካርቱም ላይ ስትፈትነው ዝግ መሆኑ ትክክል ስለሆነ፣ አያሳልፍም ብለህ አትጣለው። ማጣሪያውን አጽድተህ ተወው።

ባለ መኪናውን በተመለከተ። የሐጅ ዩሱፍ ሰው ከአንተ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጥቶ ነው ሥራህን የሚያየው፤ ደግ ነው፣ ግን አይሞኝም። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ አንተ ራስህ የነቀልከውን ዕቃ እንደ ቆሻሻ ከወረወርከው እሱም ሥራህን እንዲሁ ያየዋል። ያወጣኸውን ሁሉ በፌስታል አድርግ፣ ስሙንና የነበረበትን ቦታ ጽፈህ እሰርበት፣ በእጁ ስጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መካኒክ ሊፈልገው ይችላል፤ አዲሱ ደግሞ በገበያ የለም፣ ፋብሪካውም ብዙዎቹን መሥራት አቁሟል። ጓደኛህ ወርሻ ውስጥ የተጣለ የድሮ ሞተር ካየህም ቫልቮቹን በትንሽ ገንዘብ ሰብስብ፤ ነገ እነሱ ናቸው መለዋወጫው።

ስትጨርስ ጠዋት ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ እይ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ሶግ ሲታ ድረስ ነድተህ ተመለስ፣ ኮፈኑን ዘግተህ ፀሐይ ላይ ሃያ ደቂቃ አቁመው፣ ነዳጅ ሳትረግጥ አስነሳው። በመጀመሪያው ዙር ከተነሳና መለኪያው ሳይንቀጠቀጥ ከ17 በላይ ከያዘ ሰውዬውን ጥራው። ካልተነሳ ወደ ከሰል ጣሳው የሚሄደውን ቱቦ እንደገና እይ፤ ሒሳቡን እስከዚያ አትቀበል።